የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሥሩ ሲታይ

በአብዛኛው ቤት ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ እንደ እንጀራ ምጣድ ኃይል የሚስብ የለም። ማቀዝቀዣ ሌት ተቀን ተሰክቶ ቢውልም፣ ሞተሩ ሲሠራ የሚወስደው 100፣ ቢበዛ 200 ዋት ያህል ነው። ቴሌቪዥንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ምጣዱ ግን ብቻውን ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይፈልጋል። የሚገርመኝ፣ ለቴሌቪዥኑ ወፍራም መመሪያ ከካርቶኑ ሲወጣ፣ ለምጣዱ አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ አለመኖሯ ነው። ምጣድ እንዴት እንደሚሟሽ ከእናት፣ ከአክስት ወይም ከጎረቤት እንማራለን። ስፒናው ለምን እንደሚቀልጥ፣ ብሬከሩ ለምን እንደሚዘል፣ እንጀራው በአንድ በኩል ለምን ዓይን እንደሚያጣ ግን የሚነግረን የለም። በዚህ የተነሣ ትንሽ ጠግኖ ለዓመታት ሊሠራበት የሚቻል ምጣድ ስንት ቤት ውስጥ ከጓሮ ተጥሎ ይገኛል።

እስኪ ከሶኬት የተነቀለና በደንብ የቀዘቀዘ ምጣድ ገልብጠን እንየው።

ሊጡ የሚያርፍበት ሸክላ፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ድሮ በጉልቻ ላይ ይጣድ ከነበረው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ከሥሩ ነው። ሸክላው ከሥር በኩል ከጠርዙ ጀምሮ እየዞረ ወደ መሐል የሚገባ ቦይ አለው። በቦዩ ውስጥ ስፕሪንግ ሆኖ የተጠመዘዘ ረጅም ሽቦ ይተኛል፤ በላዩ ላይ ጀሶ ወይም ጭቃ ይመረግበታል። ከዚያ በታች ቆርቆሮ፣ እግሮች፣ ከላይ ደግሞ ባለ እጀታው አክንባሎ አለ። የሽቦው ሁለት ጫፎች በጎን ወጥተው ከኤሌክትሪክ ገመዱ ጋር ይገናኛሉ። ይኸው ነው። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ሞተር የለውም፣ በአብዛኛው ሙቀት መቆጣጠሪያ እንኳ የለውም። ከዚህ የቀለለ ማሽን በቤት ውስጥ ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህም ችግሩን ለመረዳት ምሕንድስና መማር አያስፈልግም።

ስለ ሽቦው ግን ትንሽ ማለት ተገቢ ነው። ተራ የብረት ሽቦ ፍም እስኪመስል ቢግል አየር እየበላው በአጭር ጊዜ ይበጠሳል። ይህን ችግር የፈታው አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ኒኬልና ክሮሚየም በማቀላቀል የሠራውን ሽቦ የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1906 አገኘ። ዛሬ ኒክሮም የምንለው ይህ ነው። ሲግል ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተዋሕዶ በላዩ ላይ ስስ ቅርፊት ይሠራል፤ ያ ቅርፊት ውስጡን ከመበላት ይጠብቀዋል። ዳቦ መጥበሻውም፣ ፀጉር ማድረቂያውም፣ የኛም ምጣድ የሚሠሩት በዚህ ሽቦ ወይም በዘመዶቹ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ የምጣድ በሽታ ሁሉ ከዚህ ይጀምራልና። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ በገመዱ ውስጥ 16 አምፒር ያህል ያልፋል። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ መግቢያ ላይ እንዳሳየው፣ ኤሌክትሪክ በአንድ ቦታ የሚፈጥረው ሙቀት በአምፒሩ ካሬ ልክ ያድጋል። አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የስልክ ቻርጀር የተሰካበት ሶኬት ቢላላም ምንም ላይሆን ይችላል። በምጣድ ሶኬት ግን አንድ የላላ ብሎን የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ ያህል ተቃውሞ ቢጨምር፣ 16 ሲባዛ በ16 ሲባዛ በ0.1፣ ወደ 26 ዋት የሚጠጋ ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይፈጠራል። የሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበት መሣሪያ 30 ዋት ገደማ ነው። ያን የሚያህል እሳት በፕላስቲክ ስፒና ውስጥ ተደብቆ አንድ ሙሉ ጋገራ ሲነድ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

እኔ አጥብቄ የምለው ይህንን ነው። ምጣድ ተበላሸ ሲባል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ምጣዱ ሳይሆን መገጣጠሚያው ነው። ሽቦና ሸክላ ከመጠርጠራችን በፊት ስፒናውን፣ ሶኬቱን፣ ገመዱ ከምጣዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እንመልከት።

የተቃጠለ ስፒና ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበለን ሽታው ነው፤ እንደ ዓሣ የሚከረፋ የፕላስቲክ ሽታ። አንደኛው እግር እንደ ወርቅ እያብረቀረቀ ሌላኛው ጠቁሮ ይገኛል። በጠቆረው በኩል ያለው ብሎን በካቻቢቴ ሲነካ ያለ ምንም ኃይል ይዞራል፤ ከሥሩ ያለው የመዳብ ሽቦ ግማሹ ተበጣጥሶ የቀረው ጥቂት ክር ብቻ ነው። ሁሉ ነገር ከዚህ ይነበባል። ብሎኑ መጀመሪያ በደንብ አልጠበቀም፤ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ላላ፤ ሲላላ ይበልጥ ጋለ።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን በከፊል መሥራት አይሆንም። ገመዱ የጠቆረበትና የደረቀበት ድረስ ተቆርጦ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ይላጥ። የመዳቡ ክሮች አንድም ሳይቀር ተጠምዝዘው ከብሎኑ ሥር ይግቡ፤ ብሎኑ እስኪበቃው ይጥበቅ፤ ገመዱ ሲጎተት ብሎኑ እንዳይላቀቅ የስፒናው ገመድ መያዣም ይታሰር። ስፒናው 16 አምፒር የሚል ጽሑፍ ይኑረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሶኬቱን አብረው ይለውጡ። በሶኬት ውስጥ የስፒናውን እግር ጨብጠው የሚይዙት የነሐስ ከንፈሮች አንዴ ከተቃጠሉ ጉልበታቸውን ያጣሉ፤ አዲስ ስፒና ቢሰኩባቸው በጥቂት ጋገራ ያቃጥሉታል። የተቃጠለው ስፒና ወደ አዲስ ሶኬት ቢገባም ያው ነው። ብዙ ሰው በየሁለት ወሩ ስፒና የሚገዛው አንዱን ለውጦ ሌላውን ስለሚተው ነው።

ሶኬት የሚለወጠው ብሬከሩ ከወረደ በኋላ ነው፤ ከወረደም በኋላ በቴስተር ተሞክሮ። ይህን የማይደፍር ሰው ባለሙያ ይጥራ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሌላው ሶኬት ገዳይ ልማዳችን ምጣዱን በስፒናው ማብራትና ማጥፋት ነው። ሙቀት መቆጣጠሪያ ስለሌለው ጋጋሪዋ ሲበዛባት ትነቅላለች፣ ሲቀንስባት ትሰካለች። በእያንዳንዱ ንቅል 16 አምፒር የሚሆን ጅረት ድንገት ይቋረጣል፤ ያቺ ሰማያዊ ብልጭታ የነሐሱን ፊት ትልጣለች፣ ታጠቁራለች። ግድግዳው ላይ ለምጣዱ ብቻ የተገጠመ ብሬከር ወይም ይህን ጭነት የሚችል ማብሪያ ማጥፊያ ካለ ግን ብልጭታው ለዚያ በተሠራ ዕቃ ውስጥ ያልፋል። በዲቫይደር መጋገርን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፦ አይሞከርም። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ለ10 አምፒር የተሠሩ ናቸው።

ብሬከር ሲዘልም ሰዓቱን ልብ ይበሉ። ስፒናው እንደተሰካ ወዲያው ከዘለለ፣ አንድ ቦታ ሽቦ ከሽቦ ወይም ሽቦ ከቆርቆሮ ተነካክቷል። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ሠርቶ ከዘለለ ግን ጭነቱ በዝቷል፣ አለዚያም በብሬከሩ በራሱ ላይ ያለው ብሎን ላልቶ እየጋለ ነው። በሁለቱም ቢሆን ትልቅ ብሬከር ገዝቶ መተካት መድኃኒት አይሆንም። ብሬከሩ የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው፤ ብሬከሩ ዝም ካለ የሚነደው ግድግዳው ነው።

በማታ፣ በተለይም በበዓል ዋዜማ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ምጣዱ አልግል የሚልበት ጊዜ አለ። ይህ የምጣዱ ጥፋት አይደለም። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ 2,350 ገደማ ይሆናል፤ ሲሦው ኃይል ጠፋ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሊጡ ሲፈስ ጋዙ ተፈናጥሮ ዓይን ከማውጣቱ በፊት እንጀራው ይደርቃል፤ ነጣ ያለ፣ ዓይኑ የተደፈነ፣ የሚያጣብቅ ይሆናል። ብልሃቱ ሌሊት አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቶ መጋገር ነው፤ ብዙ እናቶች ያለ ምንም ሒሳብ የደረሱበት ነው። አንዳንድ ጠጋኞች ግን ሽቦውን ቆርጠው በማሳጠር «ኃይል ይጨምሩለታል»። ሽቦ ሲያጥር ተቃውሞው ስለሚቀንስ እውነትም ይጨምራል። አንድ አምስተኛው ቢቆረጥ ያው ምጣድ ኃይሉ ደህና በሆነ ቀን 4,375 ዋት፣ ወደ 20 አምፒር ይስባል። ከዚያ በኋላ ስፒናው፣ ሶኬቱና ሽቦው ራሱ ተራ በተራ ይሄዳሉ።

ቮልት ሲወርድ ኃይልን የሚቀንሰው ይኸው ሕግ ነው ምጣዱን በሻንጣ ይዞ አሜሪካ የሄደውን ሰው የሚያሳዝነው። እዚያ ተራው ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ የአዲስ አበባው ምጣድ ከ1,050 ዋት በታች ብቻ ያገኛል፤ ለብ ከማለት አያልፍም። ስለዚህ በርካታ የአሜሪካ ሐበሻ ቤቶች የኖርዌይ ተወላጆች ሌፍሳ የተባለ ስስ ቂጣቸውን ለመጋገር የሚጠቀሙበትን ክብ የአሉሚኒየም ምጣድ ለእንጀራ አዋሉት። ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ እንጀራው ያንሳል፤ ሙቀት መቆጣጠሪያው ግን አብሮት አለ። ዱባይ ወይም ዶሃ ለወሰደው ደግሞ ቮልቱ ይስማማል፤ ነገር ግን በዚያ የተለመደው ባለ ሦስት እግር ስፒና ውስጥ ያለው ፊውዝ 13 አምፒር ስለሆነ ለ16 አምፒር ምጣድ አይበቃም።

ሽቦው በእርግጥ ሲበጠስስ? ያን ጊዜ እንጀራው ራሱ ይናገራል። ምጣዱ ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ በየትም ቦታ ይበጠስ ጠቅላላው ይቀዘቅዛል። ግማሹ ግሎ ግማሹ ከቀዘቀዘ ባለ ሁለት ሽቦ ነው፤ አንደኛው ሞቷል። ሁሉም እየጋለ በእንጀራው ጀርባ ቡናማ መስመር፣ አጠገቡም የነጣ መስመር ከታየ ግን ሽቦው ሲዘረጋ እኩል አልተሳበም፤ ጥምዝምዙ በተጠጋጋበት ያቃጥላል፣ በተለጠጠበት ያንሳል። መልቲሜትር ያለው ሰው ምጣዱን ነቅሎ በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል ይለካ፦ 3,500 ዋት ለሚስብ ምጣድ 14 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ አንድ ቦታ ተቋርጧል።

የተበጠሰውን መቀጠል ይቻላል፤ የሚያዛልቀው ግን ሽቦውን በሙሉ መለወጥ ነው። ለጊዜው ለመቀጠል ጀሶው በጥንቃቄ ይፈለፈላል፤ ሁለቱ ጫፎች በአሸዋ ወረቀት ተፈግፍገው ይጸዳሉ፤ ጎን ለጎን ተደራርበው በፒንሳ ጥብቅ ተደርገው ይጠመዘዛሉ። ተነካክተው መዋላቸው ብቻ አይበቃም፤ የላላ መገጣጠሚያ እዚህም ያው እሳት ነው። እርሳስ አይሠራም፤ ከ200 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፣ ሽቦው ደግሞ ከዚያ እጅግ በላይ ይግላል። ናስትሮማ ጭራሽ አይታሰብ። አዲስ ሽቦ ሲገባ ጥሩ ባለሙያ የሚታወቀው በጫፉ ነው። ከሸክላው ወጥቶ ወደ ገመዱ የሚሄደውን ክፍል ደርቦ ይጠመዝዘዋል። የተደረበ ሽቦ ተቃውሞው ስለሚያንስ አይግልም፤ ስለዚህ ገመዱን አያቃጥለውም። በነጠላው ተስቦ የታሰረ ካዩ ያስፈቱት።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ስለ ነፍስ ነውና። ደረቅ ሸክላ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ እርጥብ ሸክላ ግን ያስተላልፋል። ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ የከረመ ምጣድ እርጥበት ይመጥጣል። በስንጥቅ የሚሰርግ ሊጥም እርጥብና ኮምጣጣ ስለሆነ ሽቦውን ከላዩ ጋር ያገናኛል። «ይነዝራል» የሚባለው ምጣድ ይህ ነው። እየነዘረ መጋገር የለመዱ እናቶች አሉ፤ ጫማ ማድረግና እንጨት ላይ መቆም ግን መፍትሔ ሊሆን አይችልም። የተሰነጠቀ ሸክላ ይለወጣል። የከረመ ምጣድ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ከዚያም ሊጥ ከማፍሰስ በፊት ለጥቂት ደቂቃ በብሬከሩ ወይም በማብሪያ ማጥፊያው እየበራ፣ እየጠፋና እያረፈ ባዶውን ይጋል፤ እስኪደርቅ ድረስ ማንም አይንካው። በውኃ አይታጠብም፤ ማሰሻ የተሠራው ለዚህ ነው።

ለምጣድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስንጠራ ሦስት ነገር እንጠይቀው። ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ማከፋፈያ ሳጥን ለምጣዱ ብቻ የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፤ ለብቻው ብሬከር፤ ከቆርቆሮው አካል ጋር በብሎን የታሰረ የመሬት መስመር። ሦስተኛውን «ግድ የለም፣ ያለሱም ይሠራል» ካለ፣ ሌላ ሠራተኛ እንፈልግ።