ለገጠር ልጃገረዶች ትምህርት የሚደረግ አነስተኛ ድጋፍና የምዕራብ ጎጃም ተሞክሮ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ምዕራብ ጎጃምን ሲያቋርጥ ከሚያገኛቸው ከተሞች መካከል የዞኑ ርዕሰ ከተማ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ይገኙበታል። አካባቢው በበቆሎ፣ በበርበሬና በጤፍ ምርቱ የታወቀ፣ ከራሱ አልፎ ለሌላው የሚተርፍ ነው። የቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዚያ ሥፍራ እንዲቋቋም የተደረገውም ይኸው የምርት አቅም ታይቶ ነው።

ይሁን እንጂ የጎተራው መሙላት ብቻውን ልጅን በትምህርት ገበታ ላይ አያቆይም። በሁለቱ ከተሞች የሚማሩ የገጠር ተማሪዎች ከሳምንቱ መጨረሻ በኋላ እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ ተሸክመው ከየቀበሌያቸው ወደ ተከራዩት ክፍል ሲመለሱ ማየት የተለመደ ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተጋርተው የሚከራዩ፣ ስንቃቸው ሳምንቱ ሳያልቅ የሚያልቅባቸው፣ የኪራዩ ዋጋ ሲጨምር ወደ ቤታቸው ለመመለስ የሚገደዱ ጥቂቶች አይደሉም። ለልጃገረዶች ደግሞ ከኪራዩና ከስንቁ በላይ የሆነ ሌላ ችግር አለ፤ እርሱም ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው።

በገጠር የመጀመሪያዎቹ የትምህርት ደረጃዎች ለመኖሪያ መንደር የቀረቡ ሲሆኑ ክፍሉ ከፍ ባለ ቁጥር ትምህርት ቤቱ እየራቀ ይሄዳል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደረስ ግን መንገዱ ወደ ከተማ ነው። ልጅቱ ከቤት የምትርቀው ወላጆቿ ስለ ጋብቻዋ አብዝተው በሚያስቡበት ዕድሜ ላይ መሆኑ ችግሩን ያከብደዋል። መንገድ ላይ የሚያጋጥም ጠለፋ፣ የጎረቤት ሐሜትና «ቆማ ቀረች» የሚባለው ንግግር ሁሉ በአንድነት ይመጣሉ። በ1990ዎቹ ዓመታት በተካሄዱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የአማራ ክልል ሴቶች ግማሽ ያህሉ 14 ዓመት ገደማ ላይ ማግባታቸው መመዝገቡ የችግሩን ስፋት ያሳያል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ በ1995 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 79 የጸደቀው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርገዋል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ተጎጂዋ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ነገር ግን የልደት ምዝገባ ባልነበረበት ገጠር የሙሽራዋን ዕድሜ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። ሠርጉን የዝክር ወይም የማኅበር ድግስ አስመስሎ መደገስም የቀበሌ አስተዳዳሪዎች በሚገባ የሚያውቁት ዘዴ ነው። በጎጃም ገጠር ጋብቻ ሁለት ቤተሰቦች ለጎጆ መውጫ ከብት የሚያዋጡበትና ዝምድና የሚያጸኑበት ውል በመሆኑ አባት ልጁን የሚድረው በክፋት አይደለም። ሊያረጅ ነው፤ ዛሬ ያለው በሬ ነገ ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ ልጁን በጊዜ ማስጠለል እንደ ኃላፊነቱ ይቆጥረዋል።

ይህን ስሌት በቅጣት ሳይሆን በሌላ ስሌት ለመለወጥ ከተደረጉት ሙከራዎች በውጤቱ በስፋት የሚጠቀሰው በዚያው በምዕራብ ጎጃም የተካሄደው «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ድረስ በወቅቱ በዞኑ ሥር በነበረው በይልማና ዴንሳ ወረዳ በሞሰቦ ገጠር ቀበሌ ተካሂዷል። ሥራውን የመሩት የወጣቶችና ስፖርት ሚኒስቴርና የአማራ ክልል የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ሲሆኑ፣ ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ሙያዊ ድጋፍ ሰጥቷል። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድም በሥራው ተሳትፏል።

አሠራሩ ውስብስብ አልነበረም። ያላገቡ ልጃገረዶች በቡድን ተደራጅተው በአካባቢው ከሚኖሩና ከሚታመኑ ሴት አማካሪዎች ጋር በየጊዜው ይገናኛሉ። በትምህርት ቤት ያሉት እንዲቀጥሉ፣ ያቋረጡት እንዲመለሱ ደብተር፣ እስክሪብቶና ሌሎች የትምህርት ቁሳቁሶች ይሰጧቸዋል፤ ወደ መደበኛ ትምህርት መመለስ ላልፈለጉት ደግሞ ማንበብና መጻፍ፣ እንዲሁም ለኑሮ የሚጠቅም ሙያ ይማሩ ነበር። ቀደም ሲል የተዳሩትም አልተረሱም፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚገናኙበት የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ከወላጆችና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር የማኅበረሰብ ውይይት ይካሄድ ነበር። ልጃቸውን በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ላልዳሩ ቤተሰቦች በመጨረሻ የሚሰጠው ሽልማት ደግሞ ትንሽ የቤት እንስሳ ነበር። የሽልማቱ ዋጋ በዘመኑ ገበያ አነስተኛ ነው። ሆኖም ሽልማቱ ገንዘብ ሳይሆን እንስሳ መሆኑ የታሰበበት ይመስላል፤ ከብት ለጋብቻ በሚዋጣበት አገር እንስሳ ለአለመዳር ሲሰጥ ገበሬው መልእክቱን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊትና ከተጠናቀቀ በኋላ በሞሰቦና ፕሮግራሙ ባልተካሄደበት ሌላ ተመሳሳይ ቀበሌ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑት የሞሰቦ ልጃገረዶች በሌላው ቀበሌ ካሉት እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ በትምህርት ገበታ ላይ የመገኘት ዕድላቸው በሦስት እጥፍ ልቆ ሲገኝ፣ አግብተው የመገኘት ዕድላቸው ደግሞ አንድ አሥረኛ ሆኖ ተመዝግቧል። በእነዚህ ታናናሾች ዘንድ የተገኘው ለውጥ ለእንዲህ ዓይነቱ አጭር ጊዜ ከተጠበቀው በላይ ነበር።

የጥናቱ ሌላ ገጽ ግን ብዙ ጊዜ በሪፖርት አይጠቀስም። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ዘንድ ውጤቱ ተገልብጧል፤ በፕሮግራሙ መጨረሻ የሞሰቦዎቹ አግብተው የመገኘት ዕድል ከሌላው ቀበሌ 2 ነጥብ 4 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የዕድሜ ቡድን በሕግ ለጋብቻ የደረሱትን የ18 እና የ19 ዓመት ወጣቶች የሚጨምር በመሆኑ ቁጥሩን በቀጥታ የፕሮግራሙ ውድቀት አድርጎ መውሰድ አይገባም። ሆኖም ለ12 ዓመቷ ልጅ የበቃው ድጋፍ ለ16 ዓመቷ እንደማይበቃ ጠቋሚ ነው። የወረዳ ባለሙያ የዓመቱን ዕቅድ ሲያዘጋጅ «ለልጃገረዶች» ብሎ በአንድ ረድፍ የሚጽፈው ሥራ በተግባር ሁለት የተለያየ ሥራ ነው።

ይኸው ጥያቄ ሙከራውን ከኢትዮጵያ አሻግሮ ወደ ታንዛኒያና ወደ ቡርኪና ፋሶም ወስዶታል። ከእ.ኤ.አ. 2010 በኋላ ፖፑሌሽን ካውንስል በሦስቱ አገሮች ባካሄደው ሁለተኛ ጥናት በሞሰቦ በአንድነት የተሰጡት ድጋፎች ተለያይተው እንዲፈተሹ ተደርጓል። በአማራ ክልል ገጠር በአንዱ አካባቢ የማኅበረሰብ ውይይት ብቻ፣ በሌላው የትምህርት ቁሳቁስ ብቻ፣ በሦስተኛው ላልተዳረችና ትምህርቷን ለቀጠለች ልጅ በዓመት ሁለት ዶሮ፣ በአራተኛው ደግሞ ሁሉም በአንድነት ተሰጥቷል። ከ12 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ የትምህርት ቁሳቁስ የተሰጠባቸው አካባቢዎች ልጃገረዶች አግብተው የመገኘት ዕድል ድጋፍ ካልተደረገባቸው በ94 በመቶ ያነሰ ሆኗል። ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉት ግን ለውጥ ያመጡት ዶሮዎቹ ናቸው፤ ዕድሉን በግማሽ ቀንሰውታል። ሁሉም በአንድነት በተሰጠበት ሥፍራ ቅነሳው ሁለት ሦስተኛ ደርሷል። ለአንዲት ልጅ በዓመት የወጣው ወጪ እንደ ድጋፉ ዓይነት ከ17 እስከ 44 የአሜሪካን ዶላር ነበር።

ይህ መጠን ትልቅ ድርጅት የሚጠይቅ አይደለም። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በሌሎች የክልሉ ከተሞች ለመሥራት የሚመጡ ብዙዎቹ የልጆች ረድኤት ድርጅቶች በጥቂት በጎ ፈቃደኞች መዋጮ የሚንቀሳቀሱ፣ በሁለትና በሦስት አገሮች መቶ ወይም ሁለት መቶ ልጆችን የሚረዱ ናቸው። የአንድን ልጅ ፎቶግራፍ ለአንድ ለጋሽ በመላክ የሚካሄደው የድጋፍ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1937 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ዛሬ ፕላን ኢንተርናሽናል ተብሎ የሚጠራው ድርጅት የተጠቀመበት ሲሆን፣ ለትናንሽ ድርጅቶች እስከ አሁን ምቹ ሆኖ ቆይቷል። ለጋሹ ማንን እንደረዳ ያውቃል። በገጠር ቀበሌ ግን አንዱን ቤት መርጦ ሌላውን መተው ቅሬታ ያስከትላል፤ «የእገሌ ልጅ በምን ተመረጠ?» የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ የሚቀርበው ለቀበሌው አስተዳደር ነው። የሞሰቦውና የሁለተኛው ጥናት ድጋፍ በአንድ አካባቢ ለሚገኙ በዕድሜው ክልል ላሉ ልጃገረዶች በሙሉ ክፍት መሆኑ ይህን ቅሬታ ከመነሻው ያቃልላል።

የሕጉ ማዕቀፍም በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ሊታወስ ይገባል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። በዚህ መሠረት አንድ የውጭ ድርጅት ደብተር ማከፋፈል ቢችልም፣ ስለ ልጅቱ መብትና ስለ ጋብቻ ዕድሜ የሚያነሳው ውይይት አጠያያቂ ይሆንበታል። አዋጁን ተከትሎ የወጣው የ70/30 መመሪያም ሥልጠናንና የመስክ ክትትልን የመሳሰሉ ወጪዎችን በአስተዳደራዊ ወጪ ይመድብ ነበር። ቡድን የሚያወያዩ አማካሪዎችን ለሚያሠለጥን ድርጅት ይህ ከባድ ነበር፤ በአንጻሩ ቁሳቁስ ገዝቶ አከፋፍሎ ለሚሄደው ችግር አልነበረውም። በ2011 ዓ.ም የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1113 ክልከላውን አንስቶ የአስተዳደራዊ ወጪን ጣሪያ 20 በመቶ ቢያደርግም፣ የወጪውን ትርጉም ስላጠበበው በፕሮጀክቱ ላይ በቀጥታ የሚውለው ወጪ በዓላማ ማስፈጸሚያ እንዲታይ አስችሏል።

ከወረቀቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያሰናክለው የጊዜ ሰሌዳ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የትምህርት ምዝገባው በነሐሴና በመስከረም ነው። የበርካታ የውጭ ለጋሾች የበጀት ዓመት ግን የሚጀምረው በፈረንጆቹ ጥር በመሆኑ ገንዘቡ ተለቅቆ፣ ግዥ ተፈጽሞ፣ ደብተሩ ቀበሌ የሚደርሰው የትምህርት ዘመኑ ከተጋመሰ በኋላ ይሆናል። ይህም ከጥምቀት እስከ ዓቢይ ጾም ያለው የሠርግ ወቅት ከሚገባበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል። በመስከረም ያልተመዘገበችን ልጅ በጥር ደብተር ይዞ መፈለግ ዋጋ የለውም። ስምምነት በሚፈረምበት ጊዜ ከበጀቱ መጠን ባልተናነሰ የርክክቡ ወር ቢጻፍ፣ ድጋፉ በፊርማ ከመቅረት ይድናል።

ጉዳዩ በአሁኑ ወቅት ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ምዕራብ ጎጃምን ጨምሮ በበርካታ አካባቢዎች ትምህርት ተቋርጦ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የትምህርት ቤቶቹ በር ሲከፈት የሚጠበቀው ምዝገባ ልጆቹ በተለዩበት ዕድሜ ላይ እንዳሉ ተደርጎ ከታቀደ ስሌቱ ይሳሳታል። ትምህርቷን በ13 ዓመቷ ያቋረጠች የጃቢ ጠህናን ወይም የቡሬ ዙሪያ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለስ 15 ዓመቷ ነው፤ በጥናቱ መሠረት ደብተር ይበቃት ከነበረው የዕድሜ ቡድን ወጥታ ዶሮዎቹ ወደሚያስፈልጉት ተሻግራለች።