የሞተር ብስክሌትን መንኮራኩር ስለ መለወጥ

አንድ የሳንሱሲ ነዋሪ ለጥርጊያ መንገድ የተሠራ ሞተር ብስክሌት አለው እንበል። የዘወትር ጉዞው ግን በአምቦ መንገድ አስፋልት ላይ ስለ ሆነ፣ የሌላ ሞተር ብስክሌት መንኮራኩር ሊገጥምለት ፈለገ። ይህ ይቻላልን?

መንኮራኩር ስንል ጎማውን፣ ቸርኬውንና እምብርቱን አጠቃልለን ነው። የጥርጊያ መንገዱ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከፊት 21፣ ከኋላ 18 ኢንች ነው፤ ትልቁ የፊት መንኮራኩር ድንጋይንና ጉድጓድን በቀላሉ ያልፋል። የአስፋልቱ ግን ብዙ ጊዜ 17 ኢንች ነው።

መለወጡ ይቻላል፤ ሆኖም መንኮራኩሩ ቦታው ስለ ገባ ብቻ ሥራው ተፈጸመ አይባልም። አስቀድማችሁ አራት ነገሮችን ለኩ፤ እነርሱም የዘንጉ ውፍረት፣ የእምብርቱ ስፋት፣ የፍሬኑ ዲስክ መጠንና አቀማመጥ፣ እንዲሁም የካቴናው መስመር ናቸው። ዲስኩ በፍሬን ሸራዎቹ መካከል በትክክል ካልዋለ ፍሬኑ አይዝም። የፊቱና የኋላው የካቴና ጥርስ በአንድ መስመር ካልዋሉ ካቴናው ሊወልቅና መንኮራኩሩን ሊቆልፈው ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ፍጥነት መለኪያው የፊቱን መንኮራኩር ዙር የሚቆጥር ከሆነ፣ መንኮራኩሩ ሲያንስ ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ያሳያል።

ሳይለካ የተገጠመ መንኮራኩር በሜዳ ላይ ደኅና ይመስላል፤ የሚፈተነው ግን በቁልቁለት ነው። በዚያ ጊዜ የሚጎዳው ብረቱ ብቻ ሳይሆን ነጂውና መንገደኛውም ጭምር ነው።