ሁለት ስም ያለው በር

ሐረርን ሳስጎበኝ ከጅብ ቀጥሎ ብዙ የምጠየቀው ስለ አንድ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ገና ከመኪና ሳይወርድ «የግራኝ አገር ይሄ ነው?» ይለኛል። በሥራዬ መጀመሪያ ሰሞን «አዎ» እልና፣ የጀጎልን ግንብ በር አልፈን አንዱ የሐረሪ ቤት (ጌይ ጋር) ስንገባ ያው ሰውዬ «ኢማም አህመድ» ይሆን ነበር። ይህን እንደ ትልቅ ብልሃት ነበር የምቆጥረው። ማንም አይቀየምም፣ ጉርሻውም አይቀርም።

አንድ ቀን ቤታቸውን ለእንግዳ የሚከፍቱ አንዲት አሮጊት፣ ነደባው (መደቡ) ላይ ተቀምጠው ሲያደምጡኝ ቆዩና ስንወጣ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ውጭ ስትወጣ ስሙን መልሰህ ትቀይረዋለህ አይደል?» አሉኝ። ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ጥር የመጣ፣ አሜሪካ ያደገ ወጣት ነው። በቦርሳው ኪስ «ታርኪን» የሚል ልብ ወለድ ይዟል፤ ጄምስ ሉሴኖ የጻፈው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች ጋር ተያይዞ የወጣ መጽሐፍ። ታርኪን በ1977ቱ ፊልም አንዲት ፕላኔት ከነሕዝቧ እንድትጠፋ ያዘዘው ሹም ነው። መጽሐፉ ግን ከእሱ ጎን ቆሞ ነው የሚተርከው፤ በልጅነቱ ወደ ዱር ተልኮ አደን መማሩን፣ ሥርዓት ማስከበር ለእሱ ምን እንደሆነ። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ፣ በልብስ ሰፊዎቹ መኪና ጩኸት መሀል፣ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰውዬው እኮ መጥፎ መሆኑን አያውቅም!» አለኝ። ቀጠለና «ግራኝስ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አለው?» አለኝ።

አለው እንጂ። ያውም በዘመኑ ሰው የተጻፈ። ሺሃብ አድ-ዲን አህመድ፣ በተለምዶ ዐረብ ፈቂህ የሚባለው ጸሐፊ፣ «ፉቱህ አል-ሐበሻ»ን በዐረብኛ ጽፎልናል። እኛ በትምህርት ቤት በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የሚጀምር መዓት አድርገን የተማርነው ታሪክ፣ እዚያ ቀደም ብሎ ነው የሚጀምረው፤ የንጉሡ ሹም ደገልሃን ወደ አዳል ዘምቶ ሲዘርፍ። ወራሪው ማን እንደሆነ የሚወስነው ገጹን ከየት እንደከፈትከው ነው። ሰውዬው ራሱ እዚያ ኢማሙ ነው፤ ጠላቶቹ ደግሞ እኛ ነን። ክርስቲያን ሆኖ ላደገ አንባቢ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጉሮሮ ላይ ይቆማሉ። እኔ ሁለቴ ዘግቼዋለሁ።

ሦስተኛው ላይ የያዘኝ የመካነ ሥላሴ ታሪክ ነው። ንጉሥ ናዖድ ጀምሮት ልጁ ንጉሥ ልብነ ድንግል የፈጸመው ቤተ ክርስቲያን ነው። ኢማሙ ገብቶ ወርቁንና ሥዕሉን ካየ በኋላ አብረውት የነበሩትን፣ በሩምም ሆነ በሕንድ እንዲህ ያለ ሕንፃ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አላየንም፣ አልሰማንም ይሉታል። ከዚያ ይዘርፉታል፣ ያቃጥሉታል። ጸሐፊው ይህን በኀዘን አይተርከውም፤ ደስ ብሎት ነው። ይህን ለእንግዳ አልሸፍንም። ግን ዛሬ ያ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ምን ያህል ያምር እንደነበር ከነገሩን ጥቂት ሰዎች አንዱ የአቃጣዮቹ ጸሐፊ ነው። ታርኪን ላጠፋት ፕላኔት እንዲህ ያለ ጸሐፊ አልነበራትም።

ላሊበላ ላይ ደግሞ እሳት ይነድዳል። ኢማሙ መነኮሳቱን ከእናንተ አንድ፣ ከእኛ አንድ ይግባና እንይ ይላቸዋል። አለቃቸው እኔ እገባለሁ ሲል አንዲት መነኩሲት፣ ወንጌል የሚያስተምረን ዓይኔ እያየ አይሞትም ብላ ዘላ ትገባለች። ኢማሙ አውጧት ብሎ ይጮኻል፤ ፊቷ በከፊል ተቃጥሎ ትወጣለች። ስሟ አልተጻፈም። ለእሷ ታሪክ ቦታ የሰጠላት ጠላቷ ነው።

በአፍ ወሬያችን ግን ሰውዬው ሰው መሆኑ ቀርቷል። ጢያ ላይ የቆሙትን ድንጋዮች እንኳ የግራኝ ናቸው የሚል አለ፤ ድንጋዮቹ ከእሱ በፊት የተተከሉ ናቸው።

ልጁ አሚር ኑር መቃብር ስንደርስ «መጨረሻውስ?» አለ። የዐረብ ፈቂህ መጽሐፍ ኢማሙ ገና እያሸነፈ ሳለ ነው የሚቆመው። ሁለተኛው ክፍል እስከ ዛሬ አልተገኘም። በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ መገደሉን ለማንበብ ወደ ሌላው ወገን መጻሕፍት መሻገር ግድ ነው። የእሱ መበለት ባቲ ድል ወንበራ ወደ ሐረር ተመልሳ ይኸው እፊታችን የተቀበረውን ኑርን አገባች፤ የጀጎልን ግንብ ያስገነባውም እሱ ነው ይባላል። ይህን ስነግረው ልጁ መጽሐፉን ከቦርሳው አውጥቶ ሽፋኑን አየት አደረገና መልሶ ከተተው።

በስተ ምዕራብ በኩል ስንወጣ የበሩን ስም ጠየቀኝ። «ሸዋ በር» አልኩት። አጠገባችን ሽንኩርት የዘረጋች ሴት ቀና ሳትል «አስማዲን በሪ» አለች። የትኛው ነው ትክክሉ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ ባጃጁ ግን ደርሶ ነበርና ተሳፈረ።