የሚወስነው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ፦ የፖሊስ ጥሪ በማን ሒሳብ ይመዘገባል?

እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በአሜሪካ የአንድ ጋሎን ቤንዚን አማካይ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአምስት ዶላር አለፈ። በዚያው ሰሞን በሚሺጋን ግዛት የኢዛቤላ ካውንቲ ሸሪፍ ለነዋሪዎቻቸው ያልተለመደ ማስታወቂያ አወጡ። የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ገና ወራት ሲቀሩት የመሥሪያ ቤቱ የነዳጅ በጀት ተሟጦ ነበር። ስለዚህም በዚያው ሰዓት እየተፈጸመ ያለ ወንጀል ካልሆነ፣ ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ከሌለና ከሥፍራው የሚሰበሰብ ማስረጃ ከሌለ፣ ፖሊሶች ጉዳዩን በተቻለ መጠን በስልክ እንዲጨርሱ ታዘዙ።

ማስታወቂያው መነጋገሪያ የሆነው በነዳጁ ምክንያት ነው። ከነዳጁ ጀርባ ያለው ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ ነው። ፖሊስ ወደ አንድ ጥሪ ሲሄድ ስንት ይፈጃል? ወጪውስ በማን ሒሳብ ይያዛል? በአሜሪካ ከተሞች የፖሊስ የነዳጅና የመብራት ወጪና ፖሊስ ለአእምሮ ሕሙማን የሚሰጠው ምላሽ በተለያየ ኮሚቴ፣ በተለያየ ቀን የሚታዩ አጀንዳዎች ናቸው። ሕመማቸው ግን አንድ ነው፤ የሚወስነው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ነው።

ኒውዮርክን እንመልከት። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች የመብራትና የማሞቂያ ሒሳብ፣ የፖሊስ ጣቢያዎችንም ጨምሮ፣ በአንድ ማዕከላዊ የአስተዳደር መሥሪያ ቤት በኩል ይከፈላል። ፖሊስ ባደረሰው ጉዳት የሚከፈለው ካሳም የሚወጣው ከከተማዋ ጠቅላላ ካዝና ነው። አንድ ጣቢያ መብራቱን ሌሊቱን ሙሉ ቢያበራ፣ አንድ ፖሊስ ያለ አግባብ ኃይል ቢጠቀም፣ ከጣቢያው አዛዥ በጀት በቀጥታ የሚቀነስ ነገር የለም። ያልተከፈለበት ነገር ደግሞ እንደሚባክን የታወቀ ነው።

ባክኖ የሚቀረው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በ2022 በኮሎራዶ ተራሮች መካከል በምትገኘው ክሊር ክሪክ ካውንቲ፣ መኪናው መንገድ ላይ የቀረችበት የ22 ዓመት ወጣት ራሱ ወደ ድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 911 ደውሎ እርዳታ ጠየቀ። የመጡት ፖሊሶች በአእምሮ ቀውስ ውስጥ የነበረውን ወጣት ከመኪናው ለማስወጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ሲከራከሩ ቆይተው መስኮቱን ሰበሩ፤ በመጨረሻም ተኩሰው ገደሉት። በቀጣዩ ዓመት ለቤተሰቡ 19 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ተደረገ። ካውንቲው፣ ሁለት ትንንሽ ከተሞችና የኮሎራዶ ግዛት ተካፍለው የከፈሉት ነው። የካውንቲው ነዋሪ ግን ዐሥር ሺህ እንኳ አይሞላም።

ከዚያች ካውንቲ ብዙም ሳይርቅ ዴንቨር ሌላ መንገድ ሞክራ ነበር። በ2018 የከተማዋ መራጮች ከእያንዳንዱ የ100 ዶላር ግዢ 25 ሳንቲም ለአእምሮ ጤና እንዲውል በድምፃቸው አጸደቁ። ከዚሁ ገንዘብ በተገኘ ድጋፍ በጁን 2020 ስታር የተባለው አገልግሎት ተጀመረ። የአእምሮ ጤና ባለሙያና የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ መሣሪያ ሳይዙ፣ ፖሊስ ሳያስከትሉ በአንዲት ቫን ወደ ጥሪው ይሄዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 748 ጥሪዎችን አስተናገዱ፤ አንዱም በእስር አልተጠናቀቀም።

ሁለት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች፣ ቶማስ ዲ እና ጄይምስ ፓይን፣ በ2022 ባወጡት ጥናት አገልግሎቱ በተሰማራባቸው አካባቢዎች የቀላል ወንጀሎች ሪፖርት በ34 በመቶ መቀነሱን አሳዩ። አንድ ቀላል ወንጀል በተለመደው የፖሊስና የፍርድ ቤት መንገድ ሲሄድ በትንሹ 646 ዶላር ያስወጣል፤ በስታር በኩል አንዱን ማስቀረት የፈጀው 151 ዶላር ነው። «ፖሊስ ስላልሄደ ክስ የሚጽፍ ጠፋ እንጂ ወንጀሉ አልቀነሰም» የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ተመራማሪዎቹም ይህን አላለፉትም፤ ቅናሹ ቫኗ ሥራ ላይ ባልነበረችባቸው ሰዓታትም ታይቷል። የሙከራው የስድስት ወር ወጪ ወደ 208 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የክሊር ክሪክ ካሳ ብቻውን እንዲህ ያለውን ሙከራ ከ90 ጊዜ በላይ ያስኬዳል።

እንግዲያው ሁሉም ከተማ ለምን ወደዚህ አልሄደም? ቁጠባው የሚገኘው በእስር ቤቱ፣ በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍልና በጤና መድን ከፋዩ በኩል ነው፤ ወጪው ግን በከተማው በጀት ላይ ይወድቃል። ለከተማው ገንዘብ ያዥ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል። የዩጂን ከተማ ታሪክ ይህን ያሳያል። በኦሪገን ግዛት የምትገኘው ዩጂን ካሁትስ የተባለውን የዚህ ዓይነት አገልግሎት ፈር ቀዳጅ በ1989 ጀምራ ነበር። አገልግሎቱን የሚሰጠው ክሊኒክ ከጥሪዎች 17 በመቶውን ከፖሊስ ላይ እንዳነሳ ሲናገር፣ የከተማዋ ፖሊስ በራሱ ትንተና ቁጥሩን ከ5 እስከ 8 በመቶ አደረገው። ልዩነቱ የመጣው ፖሊስ ቀድሞውንም የማይሄድባቸውን ጥሪዎች ከመቁጠርና ካለመቁጠር ነው። የአገልግሎቱ ዋጋ በጋራ መለኪያ ሳይረጋገጥ ዓመታት ነጎዱ፤ በኤፕሪል 2025 ካሁትስ በዩጂን ሥራውን አቆመ።

በኒውዮርክ ደግሞ መለኪያው ጉድለቱን አደባባይ አወጣው። በ2021 በሃርለም የተጀመረውን ቢ-ኸርድ የተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም የከተማዋ ኮምፕትሮለር (የሒሳብ ተቆጣጣሪ) ኦዲት አድርጎ ውጤቱን በ2025 ይፋ አደረገ። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥሪዎች ለፕሮግራሙ ብቁ አይደሉም ተብለው ታልፈዋል፤ ብቁ ከተባሉትም ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት የባለሙያ ቡድን አልደረሳቸውም። ፕሮግራም መኖሩና ሰው ዘንድ መድረሱ ለየቅል ናቸው።

መፍትሔው ወጪውን ሁሉ በፖሊስ መሥሪያ ቤት ላይ መጫን ይመስላል። ኢዛቤላ ግን ጥንቃቄ ታስተምራለች። በጀቱ ተቆርጦ የተሰጠው መሥሪያ ቤት ዋጋ ሲንር የሚቀንሰው አገልግሎቱን ነው፤ ዕዳው ከካዝናው ወደ ነዋሪው ይሻገራል። ስለዚህ ዋጋና መጠን መለየት አለባቸው። የፖሊስ አዛዥ የቤንዚን ዋጋ ላይ ሥልጣን የለውም፤ የዋጋውን ንረት ማዕከላዊው ካዝና በመጠባበቂያ ወይም በቋሚ ዋጋ ውል ይሸከም። የፓትሮል መኪኖች ለሬዲዮውና ለኮምፒውተሩ ሲባል ሞተራቸው ሳይጠፋ ስንት ሰዓት ቆሙ፣ ስንቱስ ቆሞ ሲጠብቅ ሞተሩን በሚያጠፋ ሀይብሪድ ተተኩ የሚለው ግን የአዛዡ ውሳኔ ነው፤ በዚህ ይጠየቅ።

ለአእምሮ ጤናውም ሕጉ ያው ነው። ስንት ሰው እንደሚታመም መሥሪያ ቤቱ አይወስንም፤ ማን እንደሚላክ፣ ከምን ሥልጠና ጋር እንደሚላክ ግን ይወስናል። የካሳው ድርሻ በመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ከነዳጁና ከመብራቱ ጎን በግልጽ ይጻፍ። ምክር ቤቱ ያን ጊዜ የሥልጠናውን በጀት ሲቆርጥ ምን ያህል ዕዳ እየገዛ እንደሆነ ያያል። ይህ ሊደረግ የማይችል ነገር አይደለም። ኒውዮርክ በ2009 ባወጣችው ሕግ ትልልቅ ሕንፃዎች፣ የከተማዋ የራሷ ሕንፃዎች ጭምር፣ የኃይል ፍጆታቸውን በየዓመቱ ለክተው እንዲያሳውቁ አድርጋለች። ለአንድ ሕንፃ መብራት የተቻለው ለሰው ሕይወት የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ጉዳዩ ለእኛ ወገን ሩቅ አይደለም። በጃንዋሪ 2019 በእስራኤል ባት ያም ከተማ የአእምሮ ሕመም የነበረበት የ24 ዓመት ትውልደ ኢትዮጵያዊ በፖሊስ ጥይት ተገድሎ፣ ሺዎች ቴልአቪቭ ላይ ሰልፍ ወጥተዋል። በዴንቨርና በአጎራባችዋ ኦሮራ፣ በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችንም ካሳውንም ነዳጁንም በግብራቸው ይከፍላሉ።

የከተማ በጀት ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። በዚያ መድረክ ሦስት ጥያቄ ይዘው ይግቡ፦ ባለፈው ዓመት ከአእምሮ ሕመም ጥሪዎች ባለሙያ የደረሳቸው ስንት ናቸው? ለፖሊስ ጥፋት ስንት ካሳ ተከፈለ፣ ከየትኛው ካዝናስ ወጣ? የመሥሪያ ቤቱ የነዳጅና የመብራት ወጪ ሲጨምር የጨመረው ዋጋው ነው ወይስ ፍጆታው? ለሦስቱም በቁጥር መመለስ ያልቻለ ባለሥልጣን ተጨማሪ በጀት ሊጸድቅለት አይገባም።