ከሜዲኬይድ ካርድ ጀርባ

የሜዲኬይድ ካርድ ፊቱ ላይ ስምና መለያ ቁጥር አለበት፤ ሐኪም ቤት መቀበያው ላይ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል የታተሙ የስልክ ቁጥሮች አሉ፤ የአባላት አገልግሎት፣ የነርስ ምክር፣ አንዳንዴም የጥርስ፣ የዓይን፣ የትራንስፖርት። ብዙ ሰው ካርዱን ለዓመታት ቦርሳው ውስጥ ይዞ ይዞራል እንጂ ገልብጦ አያነበውም። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በሎስ አንጀለስ የሚኖረው ኢትዮጵያዊም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሜዲኬይድ ሲባል የሚታወቀው ሐኪም ማየትና መድኃኒት መውሰድ ነው። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ገበያ ላይ ሻጭ በፈቃዱ ከላይ ጣል እንደሚያደርጋት ምርቃት ይቆጠራል፤ ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘም ማንም አይጠይቅም። ይህ አመለካከት ስህተት ነው፤ ለዚያውም ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት ስህተት። ከእነዚህ ነገሮች ዋና ዋናዎቹ በሕግ የተጻፉ የመድኑ አካል ናቸው። የቀሩት ደግሞ የአንድን ሰው ገቢ አንድ መሥሪያ ቤት አጣርቶ ከጨረሰ ሌላው እንደገና እንዳያጣራ በሚል ሐሳብ የቆሙ ናቸው።

ሜዲኬይድን ያቋቋመውን ሕግ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1965 በሚዙሪ ግዛት በኢንዲፔንደንስ ከተማ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በተገኙበት ነው። በዚያው ሕግ የተቋቋመው ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሲሆን፣ ሜዲኬይድ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነው። ወጪውን የፌዴራል መንግሥትና ግዛቶች ይጋሩታል፤ የሚያስተዳድሩት ግን ግዛቶች ናቸው። ስለዚህ ስሙ እንኳ አንድ አይደለም። ካሊፎርኒያ ሜዲ-ካል፣ ዋሽንግተን ስቴት አፕል ሄልዝ፣ ሚኒሶታ ሜዲካል አሲስታንስ፣ ቨርጂኒያ ካርዲናል ኬር ይሉታል። ይህ የስም ጉዳይ ቀላል ይመስላል እንጂ ሰውን ያስቀራል፤ የቅናሽ ፎርም ላይ «ሜዲኬይድ አለዎት?» ለሚለው ጥያቄ አፕል ሄልዝ ያለው ሰው «የለኝም» ብሎ ያልፋል። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ልጅ የሌላቸው አዋቂዎችም ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 138 በመቶ ካልበለጠ እንዲገቡ ፈቅዷል። 40 ግዛቶችና ዲሲ ይህን ተቀብለውታል፤ ቴክሳስን የመሰሉት አልተቀበሉትም፤ ለዚህ ነው ዳላስ ያለ ዘመድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ያገኘውን የማያገኘው።

ትራንስፖርቱን ቀረብ ብለን እንየው፤ ክርክሬን ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው እሱ ነው። ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ማድረስና መመለስ የግዛቶች ግዴታ መሆኑ በፌዴራል ደንብ ለረጅም ጊዜ የኖረ ነው፤ ኮንግረስም በ2020 መጨረሻ ባጸደቀው ሕግ አጽንቶታል። አምቡላንስ ማለት አይደለም። ለተራ ቀጠሮ ታክሲ፣ ቫን ወይም የአውቶቡስ ትኬት ማለት ነው፤ በብዙ ግዛቶች ደግሞ ጎረቤት ወይም ዘመድ በራሱ መኪና ካደረሰ በማይል ተሰልቶ የነዳጅ ይከፈለዋል። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከቀጠሮው ሁለት ወይም ሦስት የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ በቁጥሩ ይደወላል። የካርዱ መለያ፣ የሐኪሙ አድራሻና የቀጠሮው ሰዓት ይነገራል። ተሽከርካሪ ወንበር ካለ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው ካለ በዚያው ጥሪ ይገለጻል። የመመለሻውም ጉዞ እዚያው ይያዛል። መጨረሻ ላይ የሚሰጠውን የማረጋገጫ ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል፤ መኪናው ከዘገየ መነጋገሪያው እሱ ነው። መኪናዎቹ መዘግየታቸው ደግሞ የታወቀ ቅሬታ ነው። ቢሆንም በሳምንት ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ያለባቸውን እናት አስቡ። ሐኪሙ ነፃ ሆኖ መንገዱ የማይቻል ከሆነ ሐኪሙም ነፃ አልነበረም ማለት ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህ ገብቷቸዋል፤ የቀረ ቀጠሮ ድንገተኛ ክፍል ይዞ እንደሚመጣ፣ የዚያ ወጪም ከታክሲ ሒሳብ ጋር እንደማይወዳደር ያውቃሉ።

አስተርጓሚም እንደዚሁ ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤትም ሆነ መድን እንግሊዝኛ ለማይበቃው ሰው ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ያዛሉ። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። በዲሲ ደግሞ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ ሁሉ ተጽፎ እያለ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቷን የማሕፀን ምርመራ ውጤት ስታስተረጉም ትገኛለች። እናቲቱ አፍራ ግማሹን ትደብቃለች፤ ልጅቷም ያልገባትን ቃል ዘላ ታልፋለች፤ ሐኪሙ በሰማው ተመርቶ መድኃኒት ያዛል። ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነበር። በስልክ የሚገባው አስተርጓሚ ለምስጢር ጠባቂነት ግዴታ ያለበት፣ ከቤተሰቡም ጋር የማይተዋወቅ ሰው ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ሕክምና የሚጀምረው ከዚህ ጥሪ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልለፍባቸው። ከ21 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሐኪም አስፈላጊ የተባለለትን ሕክምና፣ ጥርስ፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ጭምር ማግኘት አለበት፤ ግዛቱ ያንኑ ለአዋቂዎች ባይሸፍን እንኳ። ከ2024 ጀምሮ ልጆች አንዴ ከተመዘገቡ የወላጅ ገቢ ከፍ ዝቅ ቢልም ለ12 ወራት አይሰረዙም። ሜዲኬይድ የሚቀበል ሐኪም መድኑ በከፈለው ላይ ቀሪ ብሎ ለሕመምተኛው ቢል መላክ አይችልም። ብዙ ግዛቶች አቅም ያነሳቸውን ወላጅ ቤት ውስጥ ለሚጦር ልጅ ወይም ዘመድ በሰዓት የሚከፍሉበት ፕሮግራም አላቸው፤ ወላጅን አረጋውያን ማቆያ ማስገባት ለሚከብደው ማኅበረሰባችን ይህ ሊታወቅ ይገባል። ሜዲኬር ያላቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አረጋውያንም በ2025 በወር 185 ዶላር የነበረውን የሜዲኬር ክፍያ ሜዲኬይድ እንዲሸፍንላቸው ማመልከት ይችላሉ።

ከሐኪም ቤት ውጭ ያሉት ቅናሾች የሚመጡት ከሌላ አቅጣጫ ነው። ላይፍላይን የሚባለው የፌዴራል የስልክ ድጎማ ከ1985 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ ለአንድ ቤተሰብ በወር እስከ 9.25 ዶላር ሲሆን፣ ብዙ ኩባንያዎች በዚያው ድጎማ የእጅ ስልክ አገልግሎት በነፃ ይሰጣሉ። በሜዲኬይድ መመዝገብ ብቻውን ብቁ ያደርጋል። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአራሶችና ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ምግብ የሚሰጠው ዊክም ሜዲኬይድ ያላትን እናት ገቢ እንደገና አይመረምርም። በካሊፎርኒያ ኬር የሚባለው ፕሮግራም ሜዲ-ካል ላለው ቤተሰብ የመብራት ቢል ከ30 እስከ 35 በመቶ፣ የጋዝ ደግሞ 20 በመቶ ይቀንሳል። በሲያትል አፕል ሄልዝ ያለው አዋቂ ኦርካ ሊፍት የተባለውን ካርድ አውጥቶ በከተማው አውቶቡስ በ1 ዶላር ይሄዳል። አማዞንም ለሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች የፕራይም አባልነትን በወር 6.99 ዶላር ያደርገዋል፤ ከመደበኛው ግማሽ በታች ማለት ነው። ከ2014 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ያሉ ሙዚየሞች ቤተሰብን በነፃ ወይም እስከ 3 ዶላር የሚያስገቡበት ፕሮግራም የሚጠይቀው ግን የፉድ ስታምፕ ካርድ ነው። የሁለቱ የገቢ ጣሪያ ተቀራራቢ ስለሆነ ሜዲኬይድ ያለው ብዙ ቤተሰብ ለፉድ ስታምፕም ብቁ ነው፤ ማመልከቻውን ሞልቶት ላያውቅ ይችላል እንጂ።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ከራሳችን ሰው የሚመጣ ነው፦ ሐኪም በነፃ እየታየ ስልክም፣ ታክሲም፣ የመብራት ቅናሽም መጠየቅ ስግብግብነት አይሆንም? ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን እዚህ የተሳሳተ ቦታ ገብቷል። ላይፍላይንን የሚደጉመው በስልክ ቢሎች ላይ የሚታሰብ መዋጮ ነው፤ ቀን ታክሲ የሚነዳው ወይም ሌሊት ፓርኪንግ የሚጠብቀው ሰው ራሱ ሲከፍለው የኖረ። የአንዱ መተው ለባሰበት ይተርፋል የሚለውም በአብዛኛው አይሠራም፤ ሜዲኬይድ ብቁ የሆነ ሁሉ የሚገባበት እንጂ ወረፋ ተይዞ የሚያልቅ ከረጢት አይደለም። አንዳንድ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ፕሮግራሞች ወረፋ አላቸው፤ እነሱ ጋ እንኳ ወረፋው የሚያጥረው ፍላጎቱ ሲመዘገብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ «ግሪን ካርዴን ወይም ዜግነቴን ያበላሽብኛል» የሚለው ፍርሃት ነው። ከባዶ የተነሳ አይደለም። በመንግሥት ድጎማ ላይ ጥገኛ ይሆናል የተባለ ሰው ግሪን ካርድ እንዲከለከል የሚያደርገው ፐብሊክ ቻርጅ የሚባለው ደንብ በ2019 ጠብቆ ሜዲኬይድን ጨመረ፣ በ2021 ተነሳ፣ በ2022 የወጣው ደንብ ደግሞ በመንግሥት ወጪ ለረጅም ጊዜ ተቋም ውስጥ ከመኖር በቀር ሜዲኬይድን አላካተተም፤ ይህም ቢሆን ከመለወጥ የተጠበቀ አይደለም። በ2025 የሜዲኬይድ መረጃ ለኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት መሰጠቱም ፍርድ ቤት ደርሷል። ነገር ግን ፍርሃቱ ከሕጉ በላይ ተዘርግቷል። ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ከፐብሊክ ቻርጅ በሕግ ነፃ ናቸው፤ ለዜግነት ሲያመለክቱም ይህ ፈተና የለም። ግሪን ካርዱ ገና በእጁ ያልገባ ሰው ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ይማከር፤ ዜጋ የሆነው ልጁ መነጽር እንዳያገኝ የሚያደርግ ምክንያት ግን የለውም። በ2025 የወጣው ሕግ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ለስደተኞችና ጥገኝነት ላገኙ ሰዎች የፌዴራል ሜዲኬይድን በር በእጅጉ ያጠብባል፤ በዲቪ የመጡ አብዛኞቹ አዋቂዎችም ከ1996 ወዲህ አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው። ዛሬ ብቁ የሆነ ሰው ነገ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ የዛሬውን መብት ማወቁ ይበልጥ ያስቸኩላል።

ሦስተኛው ወገን «የኩባንያ ቅናሽ ማጥመጃ ነው» ይላል፤ በከፊል እስማማለሁ። 6.99 ዶላር የሚከፈልበት አባልነት የማይፈለግ ዕቃ የሚያስገዛ ከሆነ ቤተሰቡ ያተረፈው ነገር የለም፤ እኔም ከመብራቱና ከስልኩ እኩል አላየውም። ሁሉም ነገር ንጹሕ ስጦታ ነው አልልም። 55 ዓመት ከሞላቸው በኋላ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ በሜዲኬይድ የተቀበሉ ሰዎች ሲሞቱ ግዛቱ ከውርሳቸው ላይ ወጪውን እንዲጠይቅ ከ1993 ጀምሮ ሕግ ያስገድዳል። የትዳር ጓደኛ በሕይወት እስካለ አይጠየቅም፤ ቢሆንም የወላጅ ቤት ያለበት ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት። እንዲህ ያለውን ሸክም ከጥቅሙ ጋር አብሮ መንገር የመንግሥት ግዴታ ነበር። አንዱ መሥሪያ ቤት ያጣራውን ለሌላው በኮምፒውተር ማስተላለፍ እየተቻለ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው በየቢሮው የደመወዝ ወረቀት ይዞ እንዲዞር መደረጉ ተገቢ አይደለም። ላይፍላይንና ዊክ እንደሚሆን አሳይተዋል፤ ሌሎቹም እንዲከተሉ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ካርዱ እንዳይቋረጥ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነውና። ኮቪድ ያቆመው ማጣራት በ2023 ሲቀጥል ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ከሜዲኬይድ ወጥቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ የተሰረዙት ብቁ አለመሆናቸው ተረጋግጦ አይደለም፤ ፎርም ባለመመለሱ፣ ደብዳቤ ወደ አሮጌ አድራሻ በመሄዱ፣ በሰነድ ጉድለት ነው። በ2010ሩ ሕግ የገቡ አዋቂዎች ከ2027 መግቢያ ጀምሮ በዓመት አንዴ የነበረውን እድሳት በየስድስት ወሩ ያደርጋሉ፤ ብዙዎቹም በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም ነፃ የሚያደርግ ምክንያት እንዳላቸው ማሳየት ይኖርባቸዋል። ቤት የቀየረ ሰው አዲሱን አድራሻ ለሜዲኬይድ ቢሮ የሚነግረው በካርዱ ጀርባ ባለው የአባላት አገልግሎት ቁጥር ወይም በግዛቱ ድረ ገጽ ነው፤ ፖስታ ቤት ላይ ማስቀየሩ ብቻውን አይበቃም። የእድሳቱ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ከመጣም በዚያው ቁጥር ደውሎ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።