በአዋሽ ሸለቆ ድጎማው ለማን ነበር?

ስለ መንግሥት የእርሻ ድጎማ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚታሰበው ከበጀት የሚወጣው ብር ነው። የማዳበሪያ ዋጋ ማካካሻ፣ በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጥ ብድርና የቀረጥ ነፃ ፈቃድ በሒሳብ መዝገብ ስለሚሰፍሩ ለውይይት ያመቻሉ። ይሁን እንጂ አንደኛው የምርት ዘርፍ የሌላውን ወጪ ያለ ክፍያ ሲሸከም ይህም ድጎማ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ከአዋሽ ከተማ እስከ ሰመራ የሚዘልቀው የአፋር ቆላ ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ነው።

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአዋሽ ጎርፍ ተገራ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያም በተንዳሆ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ። (ሰመራ በዚያን ጊዜ አልነበረችም፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በአሳይታ ምትክ የክልሉ መዲና እንድትሆን የተቆረቆረች ናት።) ለባለሀብቱ የግብር እፎይታና ያለቀረጥ የሚገባ የእርሻ መሣሪያ ተፈቀደለት። በመዝገብ የሰፈረው ድጎማ ይህ ሲሆን ያልሰፈረው ግን ከዚህ በእጅጉ ይልቃል።

የአፋር አርብቶ አደር በክረምት መንጋውን በሰፊው ሜዳ ያሰማራል፤ ሜዳው ሲደርቅ ወደ አዋሽ ዳርቻ ይመለሳል። ስለዚህ የወንዙ ዳር አንድ ጋሻ መሬት ሲታረስ የሚጠፋው የአንድ ጋሻ ግጦሽ ብቻ አይደለም። በበጋ መመለሻ ያጣ ከብት የክረምቱንም ሜዳ ሊጠቀምበት አይችልም። የጥጡ ዋጋ ሲተመን ይህ ኪሣራ አልታሰበም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜ አፋር ክፉኛ ከተጎዱት መካከል የሆነው ሰማይ ስለነፈገው ብቻ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ታላላቅ የንግድ እርሻዎችን ከባለሀብት እጅ አወጣ። ዘላኖች በልማድ በሚጠቀሙበት የግጦሽ መሬት የይዞታ መብት እንዳላቸውም ደነገገ። በተግባር ግን የተንዳሆና የመልካ ሰዲ ማሳዎች ባለቤት ተለወጠ እንጂ ማሳው ማሳ ሆኖ ቀጠለ። ጥቂት አፋሮች በሠፈራ እርሻ ቢታቀፉም የበጋው ግጦሽ አልተመለሰም። የመንግሥት እርሻዎች በማዳበሪያ፣ በምርጥ ዘርና በብድር ከገበሬው ቅድሚያ ቢሰጣቸውም ብዙዎቹ በኪሣራ ይሠሩ ነበር።

የፋብሪካ ሠራተኛው ጉዳዩን የሩቅ አድርጎ ሊያየው አይገባም። በየጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የፈተለው ጥጥ ከዚህ ሸለቆ ይመጣ ነበር። ከወሎ፣ ከወላይታና ከከምባታ እየወረደ የሚለቅመው ወገኑም ከወባ ጋር ይታገል ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከእርሻዎቹ ከፊሉ ለአፋር ጎሣዎች ተመለሰ። የተመለሰው ግን የቀድሞው ግጦሽ አልነበረም። ለጥላና ለንፋስ መከላከያ ተተክሎ የነበረው ፕሮሶፒስ የተተወውን ማሳ ወረረው፤ አፋሮች ዛፉን «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ ስኳር መጣ። ለተንዳሆና ለሌሎች የስኳር ፕሮጀክቶች ከሕንድ ኤክሲም ባንክ 640 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተወሰደ። የስኳር ኮርፖሬሽን ዕዳም በ2013 ዓ.ም. ለተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተላለፈ። የአገዳው ድጎማ እንግዲህ በዕዳ መልክ ወደ ሕዝቡ ትከሻ ዞሯል ማለት ነው።

በ2014 ዓ.ም. የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ሲያሻቅብ መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር መድቦ ገበሬውን ደጉሟል። እርምጃው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ማዳበሪያ የማይገዛ አርብቶ አደር ከዚህ ገንዘብ በቀጥታ የሚደርሰው የለም። ለእርሱ ድጎማ ማለት ከብቱ ወደ ወንዝ የሚወርድበት ክፍት መንገድ፣ ከመሬት ኪራዩ የሚገኝ ድርሻ፣ ከአጨዳ በኋላ የሚቀር የስንዴ ገለባ ነው። በአሚባራም ሆነ በዱብቲ ቀጣዩ ቦይ ከመቆፈሩ በፊት የከብቱ መውረጃ ከጎሣ ሽማግሌዎች ጋር ተለክቶ በመስኖው ካርታ ላይ ሊሰፍር ይገባል።