አረጋውያንን ስለሚያስታምሙ ረዳቶች ትምህርት

ሰው ሸምግሎ በአልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ሐኪሙ የሚያየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ነርሷም መድኃኒቱን ሰጥታ ወደ ሌላው ሕመምተኛ ታልፋለች። ከአጠገቡ ሳይለይ የሚያጥበው፥ የሚያጐርሰው፥ የሚያገላብጠውም ረዳት ነርስ ነው። ከሦስቱም ትምህርቱ የሚያንሰው ይኸው ረዳት ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን አስቦ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. በመጦሪያ ቤቶች ስለሚሠሩ ረዳቶች ሕግ አወጣ። በሕጉና ሕጉን ተከትሎ በወጣው ደንብ መሠረት አንድ ረዳት ከ75 ሰዓት የማያንስ ትምህርት ይማራል፤ ከዚህም 16ቱ ሰዓት በመምህር ፊት በእጁ እየሠራ የሚለማመድበት ነው። ተፈትኖ ካለፈ በኋላ ስሙ በመዝገብ ይገባል፤ በየዓመቱም ቢያንስ 12 ሰዓት ይጨመርለታል። 75 ሰዓት ማለት በቀን 8 ሰዓት ቢማሩት ዐሥር ቀን እንኳ የማይሞላ መሆኑን ልብ ይሏል።

በዚህ አጭር ጊዜ ገላ ማጠብን፥ አልጋ ማንጠፍን፥ የልብ ትርታ መቍጠርን መማር ይቻል ይሆናል። የአረጋውያን ሕመም ግን መልኩን የሚሰውር ነው። ትናንት በደኅና ይጫወት የነበረ ሽማግሌ ዛሬ ድንገት ቢቃዥና ያለበትን ቢስት፥ እርጅና ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ትኵሳት ሳይኖረው ሳንባው ወይም የሽንቱ መንገድ ታሞ፥ ወይም የተለወጠ መድኃኒት አልስማማው ብሎ ሊሆን ይችላል። በተረከዝ ወይም በዳሌ ላይ የታየች ቅላት በጣት ተጭነው ሲለቋት ካልደበዘዘች የአልጋ ቍስል መጀመሪያ ናት። በጥቍር ገላ ላይ ግን ቅላቷ ላትታይ ስለምትችል፥ አስታማሚው ቦታውን በእጁ ዳስሶ ሙቀቱንና ጥጥርነቱን ከአካባቢው ጋራ ማስተያየት አለበት። ይህን ያላወቀ ሰው ቍስሉን የሚያየው ቆዳው ከተከፈተ በኋላ ነው።

ሽማግሌን ማክበር በቤቱ የተማረ ሰው ሌላ ትምህርት ምን ያደርግለታል የሚሉ አይታጡም። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ሕመምተኛውን ቀና አድርጎ ማጕረስን አያስተምርም።

ከኢትዮጵያ ሄደው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከሚኖሩት ብዙዎቹ በዚህ ሥራ ይተዳደራሉ። ቨርጂኒያ ከመጀመሪያው ትምህርት በላይ ለተማሩ ረዳቶች ከፍ ያለ ማዕረግ የሚሰጥ ደንብ አውጥታለች። ማዕረጉ ደመወዝን ካላሻሻለ ግን የተማረው ሥራውን ትቶ ይሄዳል፤ ቤቱም እንደገና ከ75ቱ ሰዓት ይጀምራል። ከደመወዙም ይልቅ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ ረዳቷ «ዛሬ እኒህ እናት እንደ ትናንቱ አይደሉም» ስትል ነርሷ ቆማ ብትሰማት፥ ቃሏም በመዝገብ ቢጻፍ፥ ሐኪሙ ሳይዘገይ ይጠራል።